ትንሹን ውሃ ፍሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እኔና እናትሽ ደህና ነን። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም፤ ውሃውም በፈረቃው ቀን ይመጣል።

እናትሽ «ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ?» እያለች ትስቅብኛለች። በስልክ ሳስረዳሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትይኛለሽ፤ ከዚያ ልጅሽ ማሙሽ ያለቅሳል፣ ስልኩም ይዘጋል። ወረቀት ግን የመዋኛ ገንዳችሁ ፓምፕ አጠገብ ይዘሽው ትቆሚያለሽ፤ እጅሽ ሲረጥብ ደግሞ ባለቤትሽ ያነብልሻል። ስለዚህ እንደ ድሮው ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የገዛችሁት ቤት ጓሮው ላይ የመዋኛ ገንዳ አለው ስትይኝ ደስታም ስጋትም አብረው ነው የመጡብኝ። ስጋቱ ከሙያዬ ነው። ጎንደር ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ሜሪላንድ ከገባን በኋላ እንጀራ የበላሁት የሰው ፑል በሜይ እየከፈትኩ፣ በኦክቶበር እየዘጋሁ ነበር። ማታ ክሎሪን እየሸተትኩ ስገባ አፍንጫሽን ይዘሽ ትሮጪ ነበር። እንግዲህ አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ከዚያ ሥራ የቀረልኝን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የቀረው ሁሉ ከሱ የሚወጣ ነው። ትልቁን ውሃ አትፍሪ፤ ትንሹን ፍሪ። በላክሽልኝ ልክ፣ ርዝመቱ 32 ጫማ፣ ወርዱ 16፣ አማካይ ጥልቀቱ 5 ከሆነ፣ ገንዳሽ ወደ 19 ሺህ ጋሎን ይይዛል። በእኛ አቆጣጠር 72 ሺህ ሊትር ገደማ ነው፤ ጣራችን ላይ ያለውን ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ 36 ጊዜ ይሞላል። (ይህን ለእናትሽ ሳነብላት አማተበች።) ያ ሁሉ ውሃ ብርዱን ሙሉ ጓሮሽ ተኝቶ ምንም አያደርግሽም። ጉዳት የሚያደርስብሽ ፓምፑ ሆድ ውስጥ ተረስቶ የቀረ አንድ ስኒ ውሃ ነው።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ የአስተማሪ ልጅ ነሽ። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋል። ገንዳው ላይ ያለው ከላይ ክፍት ስለሆነ ሲሰፋ መሄጃ አለው። ደግሞም ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ቀለል ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በረዶው ከላይ ይጋገራል እንጂ ከታች አይጀምርም። ቱቦ ውስጥ፣ ፊልተር ውስጥ፣ ፓምፕ ውስጥ የታሰረው ግን መሄጃ የለውም። መሄጃ ሲያጣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል፣ ብረቱንም ቢሆን አይምርም። ይህን የምታውቂው ደግሞ በጃንዋሪ አይደለም፤ በሜይ ፓምፑን አስነስተሽ ውሃው በስንጥቁ ሲረጭ ነው።

«መቼ ልዝጋው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጎረቤቶችሽ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሚውለው ሌበር ዴይ ባለፈ ማግስት ይሸፍናሉ። ይህን የሚያደርጉት የሕዝቡ ፑል ስለተዘጋና ልጆች ትምህርት ቤት ስለገቡ ነው እንጂ ውሃው ስለቀዘቀዘ አይደለም። ሴፕቴምበር ሲብት የሜሪላንድ ውሃ ገና ሙቀት አለው። ሙቀት ያለው ውሃ ከተከደነ ክሎሪኑ ቶሎ ያልቅና አልጌው ይራባል፤ በጸደይ ሽፋኑን ስታነሺ ጎመን የተቀቀለበት ድስት ይጠብቅሻል። አንቺ የምታምኚው ቴርሞሜትሩን ይሁን። የውሃው ሙቀት ከ65 ፋራናይት፣ ማለትም ከ18 ሴልሺየስ ገደማ፣ በታች ወርዶ እዚያው ሲሰነብት ጊዜው ደርሷል። ብዙውን ጊዜ ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ኅዳር ሚካኤልን ግን እንዳትጠብቂ፤ ከዚያ በፊት ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ቀናት ይመጣሉ። ሳትዘጊው እንዲህ ያለ ሌሊት ድንገት ቢመጣብሽ ፓምፑን ሌሊቱን ሙሉ አስነሺው። የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ በረዶ አይሆንም፤ እስኪነጋ ያቆይልሻል።

አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው፣ ለምን ጨርሳችሁ አታፈሱትም?» ሊላችሁ ይችላል። ሰውየውን ቡና ጋብዙት፤ ምክሩን ግን አትቀበሉት። ከገንዳው ሥር ያለው አፈር ራሱ ውሃ አለው፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ። ገንዳው ባዶ ሲሆን ያ የከርሰ ምድር ውሃ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ኮንክሪትም ቢሆን ከመሬት የተነሳበት ጊዜ አለ። ያንቺ ገንዳ ደግሞ ውስጡ ላይነር የሚሉት ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ያን ፕላስቲክ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የያዘው የውሃው ክብደት ነው። ባዶውን ከቆየ ይኮማተራል፤ ያረጀ ከሆነም መልሰሽ ስትሞይው ይቀደዳል። ሌላም አለ። ሽፋኑ ላይ የሚከመረውን በረዶ ከታች ሆኖ የሚሸከመው ይኸው ውሃ ነው። በብርዱ መሐል ሽፋኑ ከወትሮው በላይ ጎድጉዶ ካየሽ ከታች ያለው ውሃ እየሸሸ ሊሆን ይችላልና ጠርዙን ገለጥ አድርገሽ ተመልከቺ።

የጎንደሩ የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ባዶ ከርሞ ለጥምቀት ይሞላ የለም ወይ ብለሽ እንዳትከራከሪኝ። እሱ በድንጋይ የታነጸ ነው፤ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ የጎንደር መሬትም በረዶ አያነቃውም። ቤትሽ ያለበት ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ሌላ አገር ነው።

ስለዚህ ውሃውን ዝቅ ታደርጊዋለሽ እንጂ አታፈሽውም። ስኪመሩን፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ያለውን ቅጠል የሚውጥ አፍ፣ ታውቂዋለሽ። ከሱ በታች ጥቂት ኢንች ይበቃል። አንድ ኢንች ብቻ 320 ጋሎን ያህል ነውና የት እንደምትለቂው ቀድመሽ አስቢ። መንገድ ዳር ያለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ እንዳትለቂው። ያ ቦይ ወደ ማጣሪያ አይሄድም፤ ቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው። ልጅ ሆነሽ ጠጠር ስትወረውሪበት የነበረው ስላይጎ ክሪክ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ነው የሚፈሰው። ክሎሪን ያለው ውሃ ዓሣ ይገድላል። ክሎሪኑ እስኪወርድ ጠብቂና በራስሽ ሣር ላይ ቀስ እያልሽ ልቀቂው፤ ወደ ጎረቤት ቤት መሠረት እንዳይሄድ ብቻ ተጠንቀቂ። ገና አዲስ ገቢዎች ናችሁ።

የኬሚካሉ ነገር ብዙ አያስቸግርም። ከመዝጊያው ቀን አራት አምስት ቀን ቀደም ብለሽ ቅጠሉን ልቀሚ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጊ፣ ወለሉን በቫክዩም ጥረጊ። ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6 መሐል፣ አልካሊኒቲውን ከ80 እስከ 120 መሐል አድርጊ። ከዚያ ማታ ላይ ጠንካራውን ክሎሪን፣ ሾክ የሚሉትን፣ ፓምፑ እየሠራ ጨምሪ። ዱቄት ከሆነ በባልዲ ውሃ በጥብጪው። ዱቄቱን ወደ ባልዲው ውሃ ጨምሪ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍሽ። ዱቄቱን እንዳለ ከበተንሽው ወለሉ ላይ ተኝቶ ላይነሩን ያነጣዋል። የአልጌ መከላከያውንም ሆነ ሽፋኑን ክሎሪኑ ወደ ወትሮው ልኩ ሳይመለስ እንዳታስቢው፤ ኃይለኛ ክሎሪን ሁለቱንም ያበላሻል። ሱቅ ስትሄጂ ደግሞ የሚያምር ሣጥን ውስጥ አምስት ስድስት ጠርሙስ የደረደሩበት የመዝጊያ ጥቅል ያሳዩሻል። እኔ ለራሴ ቢሆን አልገዛውም፤ ንጹሕ ውሃና ልኩን የጠበቀ ክሎሪን ከሣጥኑ ይበልጣል።

አሁን ወደ ትንሹ ውሃ እንምጣ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ብቻሽን እንዳትሞክሪው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን ብሬከሩን። አለበለዚያ ሰዓት ቆጣሪው ሌሊት ፓምፑን በባዶው ያስነሳውና ያቃጥለዋል። ሂተር ካለ ጋዙን ዝጊና ውሃውን በሙሉ አፍሽለት፤ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ብሬከሩን ከማጥፋትሽ በፊት የአሸዋ ፊልተሩን ወደ ኋላ አጥበሽው መሆን አለበት። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ቡሽ ፍቺው፣ ጌጁን ንቀዪው፣ የላይኛውንም እጀታ በሁለት ምልክት መሐል አቁሚው፤ «ዊንተራይዝ» የሚል ምልክት ካለው እዚያ ላይ። ፓምፑም ከሥሩ ቡሾች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። ሰው አንዱን ፈትቶ ውሃ ሲወርድ ካየ ሁለተኛውን ይረሳዋል። እዚያ ነው ስኒዋ የምትቀረው። የፈታሽውን ቡሽ፣ ጌጅ፣ ብሎን ሁሉ ሰብስበሽ ፓምፑ ውስጥ ያለው ቅርጫት ውስጥ ክተቺ። ሌላ ቦታ ካስቀመጥሽው በሜይ ሙሉ ቀን ስትፈልጊ ትውያለሽ።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን በአየር መንፋት ነው። ለቤት ሰው ሾፕ ቫክ የሚሉት ኃይለኛ ቫክዩም ይበቃል፤ ቱቦውን በሚነፋው በኩል ትሰኪዋለሽ። ትልቅ ኮምፕሬሰር ብትከራዩ ግን የታመቀውን አየር በፊልተሩ ውስጥ እንዳታሳልፉ። የታመቀ አየር የያዘ የፊልተር በርሜል ክዳኑን የሚወረውር ነገር ነው፤ ሰው ገድሏል። ፊልተሩን አልፋችሁ ቱቦው ላይ በቀጥታ ግጠሙ።

አንዳችሁ ማሽኑ ጋ፣ ሌላችሁ ገንዳው ዳር ትሆናላችሁ። ዳር የሚሆነው እጁን እስከ ትከሻው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚነክር ነውና ባለቤትሽን አግባቢው። አየሩ ሲገባ ንጹሕ ውሃ ከሚመለስባቸው ቀዳዳዎች መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ አረፋ ይወጣል። ለማሽኑ የቀረበው ቀዳዳ በኃይል ሲንተከተክ፣ አየሩ ሳይቋረጥ የጎማውን ውታፍ ከታችሁ፣ ብሎኑን አጥብቃችሁ ትዘጉታላችሁ። ያኔ አየሩ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሄዳል፤ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው። አየሩን አቁመሽ ልዝጋ ካልሽ ውሃው ተመልሶ ይገባልና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ወለሉ ላይ መውረጃ ካለ እሱ ጥልቅ ስለሆነ በውታፍ አይደረስበትም። አረፋው ከታች ሲፈላ ወዲያው ከላይ ቫልቩን ዝጉት፤ የታፈነው አየር ውሃውን ወደ ታች ገፍቶ ይይዘዋል።

ስኪመሩን ከነፋሽው በኋላ ጊዝሞ የምትባለዋን ረጅም ባዶ ፕላስቲክ በቴፍሎን ጠቅልለሽ ቀዳዳው ላይ ጠምዝዢያት። ዝናብ ገብቶ በረዶ ሲሆን የምትጨመቀው እሷ ትሆናለች፤ ግድግዳው ይተርፋል። ውሃ ጨርሶ እንደወጣ ካላመንሽ ቱቦው ውስጥ የፑል አንቱፍሪዝ ጨምሪ። የመኪናውን ግን በፍጹም እንዳታስቢው፤ መርዝ ነው። ለፑል የሚሆነው ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ሮዝ ሆኖ ይሸጣል፤ ጠርሙሱ ላይ ለፑል መሆኑን አንብቢ።

አሁን የምጽፍልሽን ቆም ብለሽ አንብቢልኝ። ስለ ሽፋኑ ነው፣ ስለ ማሙሽም።

ሁለት ዓይነት ሽፋን አለ። አንደኛው ዙሪያውን ውሃ በተሞሉ ከረጢቶች የሚያዝ ሸራ ነው። ርካሽ ነው፣ ቅጠልና ጨለማ ይይዛል፣ ውሃውም በጸደይ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ሰው ግን አይችልም። ልጅ ቢረግጠው ሸራው ይዞት ይሰምጣል። በዚያ ላይ ዝናብ ላዩ ላይ ይጠራቀማል፤ ልጅ ደግሞ በጥቂት ኢንች ውሃ ይሰምጣል። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆችን ከማንኛውም ምክንያት ይልቅ የሚገድለው መስጠም ነው። ከመኪና አደጋም ይብሳል። ሰው ይህን ሲሰማ ጁላይን ነው የሚያስበው፤ እኔ ኖቬምበርን አስባለሁ፤ ማንም ገንዳውን የማያይበትን ወር።

ሁለተኛው የደኅንነት ሽፋን የሚባለው ነው፤ ወለሉ ላይ በተቀበሩ የነሐስ መያዣዎችና በስፕሪንግ የሚወጠር። ኤኤስቲኤም ኤፍ1346 የሚባለውን መለኪያ ያለፈ መሆኑ መለያው ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በዚያ መለኪያ መሠረት ሽፋኑ 485 ፓውንድ፣ 220 ኪሎ ያህል፣ መሸከም አለበት፤ ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ ማለት ነው። መረብ የሆነው ዓይነት ዝናቡን ያሳልፋል፤ ላዩ ላይ ውሃ አይቋጥርም። ብርሃንም ስለሚያሳልፍ በጸደይ ውሃሽ ትንሽ አረንጓዴ ይሆናል። ይሁን። አረንጓዴ ውሃ በክሎሪን ይጠራል። ማሙሽ መራመድ በጀመረበት ዓመት ስለ ውሃ ጥራት የሚያስብ አያት አይደለሁም። የቤቱ ሻጮች የተዉላችሁ ባለ ከረጢቱ ሸራ ከሆነ ጣሉት፤ የመረቡን ግማሽ ዋጋ እኔና እናትሽ እንልካለን፤ ክርክር የለም።

ሽፋን አለ ብላችሁም አጥሩን አትርሱ። በሩ ራሱ ተመልሶ የሚዘጋ፣ መቀርቀሪያውም ከማሙሽ ቁመት በላይ መሆን አለበት። ከኩሽናው ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ላይ ሲከፈት የሚጮህ ነገር ግጠሙበት። ልጅ እናቱ ሽንኩርት ስትከትፍ ይወጣል፤ አንቺም ወጥተሽ ታውቂያለሽ፣ እናትሽን ጠይቂ።

የተረፈውን ኬሚካል በተመለከተ፦ ፈሳሹ ክሎሪን ቆሞ ኃይሉን ያጣልና በመዝጊያው ላይ ጨርሺው። ዱቄቱንና የክሎሪን ክኒኑን አንድ ባልዲ ውስጥ አትቀላቅዪ፣ በአንድ ማንኪያም አትጭለፊ፤ ሁለት ዓይነት ክሎሪን ሲገናኝ እሳት ይነሳል። አሲዱን ከሁለቱም ለይተሽ አርቂው፤ ከክሎሪን ጋር ከተነካካ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁሉንም ደረቅ ቦታ፣ ከቤት ማሞቂያው ርቆ፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ።

ይህን ሁሉ አንብበሽ «አባዬ፣ ሰው እንቅጠር» ብትዪኝ አልቆጣም። ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍላችኋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስቆጭ አይደለም። ግን አጠገባቸው ቁሚ። በኦክቶበር ሠራተኞቹ በቀን ብዙ ቤት ይዞራሉ፤ እኔም ዞሬያለሁ፤ አለቃ በስልክ «ጨረሳችሁ ወይ?» እያለ ያጣድፋል። የተጣደፈ ሰው የሚዘልለው የማይታየውን ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን የፓምፕ ቡሽ ፈትተው እንደሆነ ጠይቂ፣ ቡሾቹን የት እንዳስቀመጧቸው አሳዩኝ በዪ። ሻይ አፍልተሽ ስጫቸው፤ እጃቸው በዚያ ውሃ ምን ያህል እንደሚደነዝዝ እኔ አውቃለሁ።

እናትሽ በርበሬውን ሰው ስታገኝ ትልካለች፤ ሽሮውም ተፈጭቷል። ባለቤትሽን በእኔ ስም ሰላም በዪልኝ፤ ትከሻውን ለቀዝቃዛ ውሃ እንዲያዘጋጅም ንገሪልኝ። ማሙሽን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ።

ሳልረሳው፣ የደኅንነት ሽፋኑ ስፕሪንጎች የሚነሱበት ረጅም የብረት ዘንግ አለ፤ መያዣዎቹን ከወለሉ ላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ የሄክስ ቁልፍም አብሮት ይኖራል። ሻጮቹ ትተዋቸው እንደሆነ ጋራዡን በደንብ ፈትሺ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ጥግ ቆመው ነው የሚገኙት። ከሌሉ የሽፋኑን መለያ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የትኛው እንደሚሆን አይቼ ልንገርሽና በዚሁ ሳምንት እዘዢ።

አባትሽ